ቅርፊት ሊያበቅል የተጋደመው ጅብ

አንድ ጊዜ አናቱ ከሚጤስ ተራራ ሥር ቡላ የሚባል አህያ ይኖር ነበር። ቡላ በዚህ ዓለም የሚፈራው አያ ጅቦን ብቻ ነበር። አንድ ማለዳ ግን ተራራው አጉረመረመና ትኩስ አመድ ጀርባው ላይ ረገፈበት። ከዚያ ወዲያ የሚፈራው ሁለት ሆነ።

አንበሳ አውሬውን ሁሉ ዋርካ ሥር ሰበሰበ። «ምን ይሻላል?» አለ።

እማሆይ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «የኛ ቅድመ አያቶች ገላቸው ለስላሳ ነበር አሉ። ከእናት ወደ ልጅ ጥቂት ጥቂት እየጠጠረ ይኸው ቅርፊት ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«በቃ፣ እኔም አበቅላለሁ!» ብሎ ዘለለ አያ ጅቦ።

«ስንት ዘመን ፈጀ፣ እማሆይ?» አለች ቀበሮ።

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ወንዙ ሦስት ጊዜ መንገዱን ቀይሯል።»

«ተራራው ግን እስከ ነገም የሚታገሠን አይመስልም» አለች ቀበሮ። «ገደሉ ውስጥ አጥንታቸው የተከመረው ግዙፍ አውሬዎች ምን የሆኑ ይመስላችኋል? ገላቸው ሳይለወጥ አመዱ ቀደማቸው። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል፤ ከዋርካው ጀርባ ያለውን ዋሻ በደቦ ጠርገን እንሸሸግበት!»

ደቦው ደመቀ። ዝንጀሮ እየዘፈነ ይጭናል፣ ቡላ ድንጋይ እያወጣ ሣር ያስገባል። አያ ጅቦ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ተጋድሟል።

«አሳከከኝ! ሊበቅል ነው!»

«ቁንጫ ነው» አለችው ቀበሮ።

ሳይመሽ ተራራው ፈነዳ። ሁሉም ዋሻው ውስጥ ገብተው በሩን በድንጋይ ሊዘጉ ሲሉ አያ ጅቦ ጭራው እየጨሰ ደረሰ።

«ጋሼ ቡላ! የኔ ጌታ! አስገባኝ!»

ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ የሆነው? በሩ ላይ የቆመው ቡላ ነበር። ቢዘጋበት የዕድሜ ልክ ፍርሃቱ ያበቃለታል። ግን ያ የሚጨስ ጭራ አንጀቱን በላው።

«እሺ፣ መጀመሪያ አፍህን!» አለና የጭነት ገመዱን ለቀበሮ አቀበለ። እሷም ሰባት ዙር ጠፍራ አሰረችው።

በአራተኛው ቀን ሲወጡ ሰማዩ ጠርቷል። ቡላ በደስታ እያናፋ አመዱ ላይ ተንከባለለ፤ አህያ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል! ከዚያ ተነሥቶ ፍርሃቱ ሳይለቀው የአያ ጅቦን ገመድ በጥርሱ ፈታ። ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። አያ ጅቦ አፉን ቧ አድርጎ ከፈተ።

«ጋሼ ቡላ፣ እስቲ ጀርባዬን እይልኝ፤ ምንም ብቅ አላለም?»

አንበሳ ሳይቀር በሳቅ መሬት ላይ ተንፈራፈረ።

ከዚህ የምንማረው ገላ የሚለወጠው በሺህ ትውልድ፣ ዓለም የሚገለበጠው ግን በአንድ ቀን ስለሆነ፣ በክፉ ቀን የሚያተርፈን ተጋድመን የምንጠብቀው ቅርፊት ሳይሆን ቀድመን የወጣነው ደቦ መሆኑን ነው።