አሥራ ስምንት ላይ የጸናችው ጎሚስታ

አንዲት ሴት ነበረች፤ ሥራዋ ጎሚስታ። መንገድ ዳር ጎማ ስትፈታ፣ ስትለጥፍ፣ ንፋስ ስትሞላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች። አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ሰው የውድድር መኪናቸውን አመጡላት። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቀድሞ የደረሰ የሚያሸንፍበት ውድድር ነው።

ምን አደረገች? ሳምንቱን ሙሉ ሞከረች። የኋላ ጎማዎቹን በንፋስ መለኪያው እስከ ሠላሳ አምስት ሞልታ ሹፌሩን ያፌትን አስነዳችው፤ ጎማው ባለበት ተሽከረከረ። ቀነሰች። አሁንም ቀነሰች። አሥራ ስምንት ላይ ጎማው አስፋልቱን በሙሉ ወርዱ ረገጠና መኪናው ተፈተለከ።

የውድድሩ ቀን ተመልካቹ የረገበውን ጎማ አይቶ ሳቀ። ጋሽ መኩሪያ አፈሩ።

«ንፋስ ጨምሪበት እንጂ። የሰው ሁሉ ጎማ ተወጥሮ አይደል?»

«አልጨምርም» አለች። «የሰውን አልሞከርኩም። ይሄንን ሞክሬዋለሁ።»

ያፌት ነዳ። የተፎካካሪው ውጥር ጎማ እያጨሰ ሲሽከረከር እሱ ደርሶ ነበር። ሁለተኛውንም ዙር አሸነፈ። የሳቁት አጨበጨቡ።

በዚህ ያበቃ መሰላችሁ? አላበቃም። ለፍጻሜው ጋሽ መኩሪያ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ልክ ነበርሽ። እንግዲህ አሥር አድርጊው፤ ጭራሽ አይደረስብንም።»

«አላደርግም።»

«መኪናው እኮ የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ግን አሥር ላይ ጎማው ከብረት ቸርኬው ይወጣል። ውስጡ ሰው አለ።»

«እንግዲያው ከዛሬ በኋላ መኪናዬን እንዳትነኪ።»

«እሺ። ዛሬ ግን አሥራ ስምንት ነው።»

ያፌትም እሷ ካስተካከለችው ውጭ አልነዳም አለ።

አሸነፉ? አላሸነፉም። በአንድ ክንድ ተቀደሙ። ጋሽ መኩሪያ ሳይሰናበቷት ሄዱ። እሷ ያፌት ከመኪናው በደህና በእግሩ ሲወርድ አየች፤ ዕቃዋን ሰበሰበች፤ ሰኞ ጠዋት ሱቋን ከፈተች።

ወገኖቼ፣ ሲሳቅባችሁ መጽናት ከባድ ነው። ሲጨበጨብላችሁስ? ስንቶቻችሁ ስድቡን ችላችሁ በሙገሳው ወደቃችሁ?

በጸሎት የመረመራችሁት እውነት ሰው ስለሳቀ ይጨመርበታል? ሰው ስላጨበጨበ ይቀነስለታል? አለቃችሁ ነገ ቢሮ ጠርቶ «ይቺን ብቻ እለፉልኝ» ሲላችሁ ምን ልትሉት ነው?

ዋንጫው ይቅር። እንጀራውም ይቅር። እግዚአብሔር የሚጠይቃችሁ በእጃችሁ ስላስቀመጠው ሰው ነው። እንቢ በሉ። በትሕትና በሉ፤ ግን እንቢ በሉ።