የስመኝ ውጤት እና የእድሩ አግዳሚ

የሰደበኝ አቶ ቦጋለ ወልደየስ ነው። ጊዜው አምና፣ የማትሪክ ውጤት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ረፋድ ላይ። ቦታው የእድራችን ድንኳን፣ የእትዬ ዘውድነሽ ለቅሶ ያበቃ ዕለት።

በየጉባኤው ይቅር በሉ እያልክ የምታስተምረን ሰው፣ ይህን ሁሉ እንዴት ያዝከው ትሉኝ ይሆናል። ይዤዋለሁ። ስድብን ተሳዳቢው ይረሳዋል፤ ተሰዳቢው ዘንድ ግን ያድራል።

ልጄን ስመኝን ታውቋታላችሁ። ነርስ እሆናለሁ እያለች ያደገች ናት። ተፈተነች። ማለፊያው ግማሽ ነው፤ ለጥቂት ጎደላት። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣ አለች። በር ሲንኳኳ ጓዳ ትገባለች። ለምን? እኛ ከ«እንደምን አደርሽ» በፊት «ስንት አመጣሽ» ስለምንል ነዋ።

ያን እሑድ ለምኜ አወጣኋት። «የእድሩን አግዳሚ ወንበር ብቻዬን አልችለውም፤ አንድ ጫፉን ያዢልኝ» አልኳት። ጫማዋን ስትፈልግ ስሰማ ደስ ብሎኝ በር ላይ ጠበቅኋት።

አግዳሚውን አንስተን ከድንኳኑ ሳንወጣ አቶ ቦጋለ ተጣራ።

«እህ ስመኝ፣ ስንት አመጣሽ?»

የያዘችውን ጫፍ ከፍ አደረገች።

«ምን ታመጣ! አባትየው ከስድስተኛ ክፍል የሸሸ። ደብተር ካልገባበት ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ አይወጣም። ሸክሙን ግን ተክናችሁበታል።»

ሰው ሳቀ። ከሳቁት መሃል ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ስም አልጠራም።

ወገኖቼ፣ መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱ እዚያው ድንኳኑን እያፈረሰ ነበር። የቦጋለ ልጅ ናሆም ካቻምና ሰፈሩን ያስጨፈረ ውጤት አምጥቶ፣ የመረጠውን ትምህርት አግኝቶ ሄደ። በመንፈቁ በውጤት ተባርሮ ተመለሰ። ኋላ ሁላችሁም ሰማችሁት፤ ያኔ ግን አባቱ «ዕረፍት ላይ ነው» ይል ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ ያ ሁሉ ሳቅ ወደ ልጁ ይዞር ነበር። ናሆም ገመድ መጠቅለሉን ትቶ አፌን አፌን ያየኛል።

ፈተና ይቅር አላልኩም። የዩኒቨርሲቲው ወንበር ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ነው፤ መለያ ያስፈልጋል። ግን ውጤት የሚለየው ዘንድሮ ማን እንደሚገባ ነው። ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ እንድንለይበት ማን ሰጠን? ተፈትኖ የወጣን ልጅ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ መልሳችሁ የምትፈትኑት እስከ መቼ ነው? የጎረቤትን ልጅ ነጥብ ለገዛ ልጃችሁ አለንጋ የምታደርጉትስ? እናንተ እናቶች፣ እናንተ አባቶች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ጓዳ የተቀመጠውን ልጅ ቁጥር አትጠይቁት። በላህ ወይ በሉት። ና አግዘኝ በሉት።

እኔ ያን ዕለት ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ቆሜያለሁ። ዛሬም ያቃጥለኛል፤ አልዋሻችሁም። ስመኝ ከወዲያኛው ጫፍ «አባዬ፣ ከበደኝ፤ እንሂድ» አለችኝ። አልጣለችውም፤ ወደ ቤትም አልሮጠችም።

ለቦጋለ ምንም አልመለስኩም። አግዳሚውን እንደያዝን በናሆም አጠገብ አልፈን ሄድን።