ኖራ አቃጣዩና የአምናው ክምር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ኖራ ማቃጠል ነው።

ቆይ ትርሲት፣ ፊትሽን አታጨፍግጊ፤ አክስቴ ወሬ ልትቀይርብኝ ነው ብለሽም አታስቢ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። የዱቄት ፋብሪካችሁ በዓመት ምን ያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ወደ አየር እንደሚለቅ ቆጥሮ የማቅረቡ ሥራ ላንቺ ተሰጥቷል። አምና ባቀረብሽው ቁጥር ውስጥ ስንዴ የሚያመላልሱት የኪራይ መኪኖች እንዳልገቡ ዘንድሮ አየሽ። አሁን ብጨምራቸው ባሰባቸው ይሉናል፣ የአምናውን ባርመው ዋሽተው ነበር ይሉናል፣ ዝም ብል ደግሞ ሆዴን ይበላኛል፤ ምን ላድርግ? አልሽኝ። እኔ የመኪና ጭስ በምን እንደሚለካ አላውቅም። የዚህን ሰውዬ ነገር ግን አውቃለሁና እሱን ልንገርሽ።

ሰውየው እቶኑን የተከለው ጥድና ወይራ ከሞላው ጋራ ሥር ነው። ከጋራው ድንጋይ ያስፈልጣል፣ ከጋራው እንጨት ያስቆርጣል፣ ድንጋዩን በእቶን እያነደደ ኖራ ያወጣል። በአገሩ ያለ ደህና ቤት ሁሉ የተለሰነው በሱ ኖራ ነው። ሀብታም የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ቤተሰብ ከዚያ እቶን ይበላ ነበር፣ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ይኮራበት ነበር።

እንዲህ እያለ ሲኖር ከጋራው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ መቅጠን ጀመረ። ውሃ ቀጂዎች እንስራ ለመሙላት ወረፋ ይጠብቁ ጀመር። ዛፉ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ እንደሚያልቅ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ችግሩ ማን ምን ያህል እንደሚያነድ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ወደ አንጥረኛው ትጠቁማለች፣ አንጥረኛው ወደ ኖራ አቃጣዩ ይጠቁማል፣ ኖራ አቃጣዩ ደግሞ ሁለቱንም ያማል። በመጨረሻ የአገሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡና ደነገጉ። እሳት የሚያነድ ባለሙያ ሁሉ፣ ለሥራው ለነደደለት ለእያንዳንዱ የአህያ ጭነት እንጨት በደጃፉ አንድ ጠጠር ይጣል አሉ። በየዓመቱ መስቀል በዋለ ማግስት እየዞሩ ያያሉ። የመጀመሪያው ዓመት ክምር እዚያው ይቆያል፣ ማንም እጁን አያሳርፍበትም፤ የሚመጣው ዓመት ሁሉ ከሱ ጋር እየተያየ ይፈረዳል። ክምሩን ማሳነስ ያቃተው ሰው እሳቱ ይጠፋል።

ሰውየው በመጀመሪያው ዓመት ከእቶኑ አፍ አልተለየም። የገባውን ጭነት ሁሉ ቆጠረ፣ አንዲት ጠጠር አልሰረቀም። ክምሩም ያን ያህል የሚያስደነግጥ አልሆነ። ሽማግሌዎቹ መጥተው አዩና ጎሽ አሉት፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ገባ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በዚያ አገር ድንጋይ የሚፈለጠው በእሳት ነው። ፈላጮቹ አለቱ ላይ እንጨት ከምረው ያነዳሉ፤ አለቱ በደንብ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል፤ ያን ጊዜ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ለኖራ አቃጣዩ የሚፈልጡት ሰዎች ቁርጥ ሠራተኞች ናቸው፤ ክፍያቸው ባወረዱት ድንጋይ ልክ ነው። እንጨቱን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ራሳቸው ያነዳሉ፣ በእቶኑ አፍ በኩል አያልፍም። ሰውየው ሲቆጥር ትዝ አላለውም ልበል? እንጃ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው መሰለኝ። ብቻ አልቆጠረውም። ፈላጮቹም እኛ የሰው ሥራ ነው የምንሠራ፣ ድንጋጌው እኛን አይመለከትም ብለው ተዉት። እንዲህ ሆኖ የዚያ ሁሉ እሳት ጠጠር ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ሁለተኛው ዓመት ገባና ማሳነስ መጣ። ከየት ያሳንስ? የሚያየው እቶኑን ብቻ ስለሆነ የእቶኑን እሳት ቀነሰ። ኖራው ሳይበስል ወጣ። ደህና ኖራ ውሃ ሲያፈሱበት ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ይፈርሳል፤ የሱ ግን ቢያፈሱበት ቢያፈሱበት ድንጋይ እንደሆነ ዝም አለ። ቤታቸውን ያስለሰኑ ሰዎች ግድግዳው ተፈረፈረብን እያሉ በሩን ያንኳኩ ጀመር። እሳቱን ልመልሰው ቢል ክምሩ ሊያድግ ነው። ጨንቆት ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚያሞቁባትን ትንሽ እሳት ከለከለ፣ ሰዎቹም በክረምት ብርድ ቀዝቃዛ እህል ይበሉ ጀመር። ከዚያ የተረፈችው ጠጠር ጭብጥ አትሞላም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ክምሩ የአምናውን ሊያክል ምንም አልቀረውም፤ እሳቱ ከጠፋ ያ ሁሉ ቤተሰብ የት ይወድቃል እያለ ጠጠሩን መልሶ መላልሶ ይቆጥር ጀመር።

አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ቀና ብላ ጋራውን ስታይ ቆየች።

«ያ ላይ የሚጨሰው የማን እሳት ነው?» አለችው።

«የፈላጮቹ ነዋ።»

«ድንጋዩስ የማን ነው?»

ድንጋዩ የሱ ነው፣ ኖራው የሱ ነው፣ ምስጋናውም የሱ ነበር። በማግስቱ ጋራውን ወጣና ከፈላጮቹ ጋር ዋለ። አንድ አለት ለመሰንጠቅ ምን ያህል ጭነት እንደሚነድ፣ አምና ምን ያህል እንደነደደ ጠየቃቸው። አልደበቁትም፤ ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ እንጂ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። የሚያስታውሱትን በእርግጥ ነገሩት፣ የማያስታውሱትን ይህን ያህል ይሆናል አሉት። እሱም ለእርግጡ ነጭ ጠጠር ለቀመ፤ ለግምቱ የለቀመውን ጠጠር በከሰል አጠቆረው፣ ያየ ሁሉ ግምት መሆኑን እንዲያውቅ። የዘንድሮውን በአንድ ቅርጫት፣ የአምናውን በሌላ ቅርጫት አደረገ። ሲጨርስ የጋራው እሳት የእቶኑን እሳት በልጦት አገኘው።

አሁን ነገሩን ተመልከቺልኝ። ጠጠሩን በዘንድሮው ክምር ላይ ቢደፋው የዘንድሮው ከአምናው በብዙ ይበልጥና እሳቱ ይጠፋል። የአምናውን ክምር ልሙላ እንዳይል ደግሞ ክምሩ አይነካም። የእቶኑን ሠራተኞች የሚያዝለት አለቃ ምን አስጨነቀህ አለው፤ ሽማግሌዎቹ ጋራው ላይ አይወጡ፣ ማን ያያል፣ ቅርጫቱን ወንዝ ድፋው አለው። ሰውየውም አስቦበት ነበር፤ አላሰበም ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አምና በሰው ፊት ጎሽ ተብሎ ዘንድሮ ጎድሎብኛል ማለት ሞት ነው የመሰለው። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ነገር ግን ያ ያልበሰለ ኖራ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ዝም ቢል በሚመጣው ዓመት እንደገና እቶኑን ሊቆነጥር ነው፤ ሌላ የሚቆነጥርበት ቦታ የለውማ። እቶኑ በሽማግሌ ትእዛዝ ባይጠፋ በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

መስቀል በዋለ ማግስት ሽማግሌዎቹ መጡ፤ አገሩም ተከትሏቸው መጣ። ሰውየው ቅርጫቶቹን አጠገቡ አድርጎ ቆሟል። እጅ ነሣና፣ «አባቶቼ፣ አምና የቆጠርኩላችሁ የእቶኔን እሳት ብቻ ነው» አለ። «ጋራው ላይ የሚነደውም ለኔ ነው የሚነደው። የአምናው ክምር ጎደሎ ነው፤ በፊታችሁ ልሙላው።»

ይህን ብሎ ቅርጫቱን አነሣና የማይነካው ክምር ላይ ገለበጠው። ሁለተኛውንም በዘንድሮው ላይ ገለበጠው። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ድንጋጌ ተጣሰ ያለ አለ፣ አምና ዐይኑን በጨው አጥቦ ሸወደን ያለም አለ። የእቶኑ ሠራተኞች እንጀራችን ተቆረጠ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሰውየው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ቆመ።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ሁለቱን ክምር ቀስ ብለው ዞሩት። ጎንበስ ብለው አንዲት ጥቁር ጠጠር አነሡና ለምን እንደጠቆረች ጠየቁት። ግምት ናት፣ እርግጡን ስደርስበት እለውጣታለሁ አላቸው። ሽማግሌው ጠጠሯን ወደ ቦታዋ መለሷትና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ክምሩ አይነካ ያልነው ማንም እንዳይሸርፈው ብለን ነው» አሉ። «የጎደለውን አትሙሉ ያለ ማነው?»

ጉርምርምታው ቆመ። ሽማግሌው ቀጠሉና ከየት ልታሳንስ አስበሃል አሉት። ሰውየው የመጣውን ሁሉ ለመቀበል ቆርጦ ስለነበር ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም፤ መልሱ ግን እጁ ላይ ነበር። ጋራው ላይ በዋለ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ገደሉ ሥር ናዳ ያወረደው ድንጋይ ተከምሮ አይቷል። እግዜር ራሱ ፈልጦ የጨረሰው ድንጋይ ነው። ለምን አታመጡትም ቢላቸው ፈላጮቹ ሩቅ ነው፣ እንጨቱ ደግሞ ቅርብ ነው፣ የሚጠይቀንም የለም ብለውታል። እንግዲህ ለጋራው እሳት እንጨት የሚጭኑትን አህዮች ወደ ገደሉ ልልካቸውና ድንጋይ ይጫኑልኝ፣ ለፈላጮቹም የመንገዱን ድካም አስቤ እከፍላለሁ አለ። የእቶኔን እሳት ግን ተዉልኝ፣ ኖራ ሳይበስል ኖራ አይሆንም አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የሁሉም ፊት ፈታ አለ። የአምናውና የዘንድሮው ክምር አሁን በአንድ ዓይን የተቆጠሩ ስለሆኑ ትክክለኛ ናቸው ተባለ፤ የዘንድሮውም ከአምናው ጥቂት አንሶ ተገኘ። እሳትህ አይጠፋም፣ ለከርሞ እናይሃለን ብለውት ሄዱ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ወደ ኋላ ቀርታ፣ እኔም ቤት ያልተቆጠረ አለ፣ እህቴ ጓሮ ነው የማነደው ብላ ለሽማግሌው በጆሯቸው ነገረቻቸው። አንጥረኛውም ጭንቅላቱን ያክ ነበር አሉ።

ሰውየው እፎይ አለ። ከአንጀቱ ነው እፎይ ያለው፤ ክምሩ አጠገብ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንባውና ሳቁ ተቀላቀለበት። ሚስቱ እንጀራ በወጥ አቀረበችለት፣ ጠርጎ በላው። በዚያው ቀን እቶኑን እንደ ጥንቱ አስነደደው፣ ሠራተኞቹም ምሳቸውን አሙቀው በሉ። የተፈረፈረባቸውን ሰዎች ግድግዳ በደህና ኖራ መልሶ አስለሰነላቸው።

በከርሞ ክምሩ በግማሽ ያህል ወረደ። ጋራው ላይ ጭስ ጠፋ። ምንጩ ወዲያው ሞላ ብዬ አልዋሽሽም፣ ዛፍ በአንድ ክረምት አይበቅልም፤ ግን መቅጠኑን ተወ። ለዚያ አገር ይህም ትልቅ ነገር ነበር።

እንግዲህ ትርሲት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። እቶኑ ፋብሪካችሁ ነው። የጋራው እሳት ስንዴያችሁን የሚያመላልሱት የኪራይ መኪኖች ናቸው፤ መኪናው የሰው ነው ትዪኛለሽ፣ ስንዴው የማን ነው እልሻለሁ። የአምናው ክምር ያቀረብሽው ቁጥር ነው። የዘንድሮውን ብቻ ከሞላሽው በእርግጥም የባሰባችሁ ትመስላላችሁ፤ የአምናውንም በዚያው ዓይን ቆጥረሽ ሙይው። ምን እንደጎደለና ለምን እንዳረምሽው በግልጽ ጻፊ፣ የገመትሽውን ግምት ነው በይ፣ ጠጠሩን አጥቁሪው። አለቃሽ ዝም እንበል ካለሽ፣ ከየት እንደምንቀንስ ሳናውቅ የትኛውን ማሽን ልናቆም ነው ብለሽ ጠይቂው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ይህን እሱም ያውቃል።

ለምን ትፈሪያለሽ? አንቺ ብትጽፊው ባትጽፊው ጭሱ አምናም ነበረ። ነገ ሄደሽ ንገሪውና፣ ዛሬ ተኝተሽ እደሪ።