ጋቢ የለበሰው ቅል

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ የሆነ ነው።

ደብሪቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እኔም ደብሪቱ ነኝ፤ የስም መመሳሰል ነው በሉልኝ። ፊደል በመቁጠሯ በጣም ትኮራ ነበር። ባሏ አስናቀ በሕይወት ሳለ በአንድ አሮጌ ቅል እርጎ ያረጋ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አሠራሩን አልጠየቀችውም። መብላቱን ታውቅበታለች። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ወዳጆቹ "የአስናቀን እርጎ እንቀምሳለን" ብለው ላኩባት።

በቅሉ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖሩ ነበር። እያንዳንዳቸው በሆዳቸው አንድ መጽሐፍ አላቸው። ወተት እንዴት እንደሚኮመጥጥ በአንዱ ገጽ ተጽፏል፤ ገጹ ላይ ግን ዘበኛ ተዘርፍጦ ተቀምጦበታል።

ደብሪቱ ቅሉን በወተት ሞልታ ቀዝቃዛው መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

"ዘበኛ፣ ተነስ!" አለ የወተት ስኳር ከጥቃቅኖቹ ደጅ ሆኖ።

"በዚህ ብርድ?" አለ ዘበኛው። ጥቃቅኖቹም ስለ ብርድ የተጻፈውን ገጽ ሲያነቡ ዋሉ። ወተቱ ያው ወተት ሆነ።

በማግስቱ ደብሪቱ ቅሉን በወይራ አጠነችው። ትንሽ ጭስ ጥሩ ነው ሲባል ሰምታለች፤ ብዙ ጭስ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው ብላ አሰበች፤ የተማረች ናትና። ጎረቤት ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ። አዲስ ወተት ስትጨምርበት ጥቃቅኖቹ እየሳሉ ስለ ጭስ የተጻፈውን ገጽ ገለጡ። ዘበኛው ንቅንቅ አላለም።

"እናንተ መሃይሞች!" ብላ በቅሉ አፍ ጮኸች። "ነገም ካልረጋ ይህን ቅል ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ!"

ቅሉ ደነገጠ። "እመቤቴ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያነቡ ነው የከረሙት። ገጹን የምትመርጪላቸው አንቺ ነሽ።"

"አስናቀስ እንዴት ያደርግ ነበር?"

"ጋቢውን ያለብሰኝ ነበር። ረሳሽው? በሸሚዝ እየተንቀጠቀጠ ሲዞር፣ 'ቅል አግብተህ እኔን ለምን አመጣኸኝ?' እያልሽ ትስቂበት ነበር።"

ደብሪቱ ዞራ ሳጥኑን አየች። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነበር። የአስናቀ ጠረን እንዳይጠፋ ብላ ዓመት ሙሉ አላጠበችውም፣ አላወጣችውም።

"ወተት ቢፈስበትስ?"

"ይፈስበታል" አለ ቅሉ። መዋሸት አያውቅም።

ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። በሦስተኛው ጋቢውን አወጣች፤ ቅሉን ትኩስ ወተት ሞልታ ጠቀለለችው። ውስጡ ሞቀ። የወተት ስኳር ጥቃቅኖቹ ሆድ ውስጥ ዘው ብሎ ገባ።

"እንግዳ ሲመጣማ መነሳት ደንብ ነው" ብሎ ዘበኛው ብድግ አለ። ጥቃቅኖቹ ገጹን አነበቡ፤ እንዳነበቡትም ወተቱን አኮመጠጡት።

እንግዶቹ ቀምሰው "አቤት፣ የአስናቀ እጅ!" አሉ። ደብሪቱ ግን የተንጠባጠበበትን ጋቢ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ጠረኑ ጠፍቷል ብላ አሸተተችው። ምንም አልተለወጠም። ለካ ዓመት ሙሉ የባሌ ጠረን ብላ ቆልፋ የያዘችው የእርጎ ጠረን ኖሯል!

ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ። የሳቋ ገጽ አልተቀደደም ነበር። እንደ ዘበኛው የተቀመጠችበት ራሷ ነበረች።

ተረቴ እዚህ ላይ ረጋ፤ ቅሉም ከሽንኩርት ዳነ። የተዘጋ ገጽ ያላችሁ፣ ተቀደደ ብላችሁ ከማልቀሳችሁ በፊት እስቲ ብድግ በሉ።