ነብር ሊፈርም ነው

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ስልካችሁን አስቀምጡና «የመሠረት» በሉኝ።

የፍየሎች እግር ኳስ ቡድን በየዓመቱ በዝንጀሮዎች እየተሸነፈ ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ነበር። አንድ ቀን ችኩሉ ወጠጤ በደጋፊዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ከታማኝ ምንጭ የተገኘ፤ ነብር ለእኛ ሊፈርም ነው» ብሎ ለጠፈ።

ተጠራጣሪዋ አሮጊት ፍየል «ልጄ፣ ምንጭህ ማነው?» ስትል ጻፈችለት።

«ቁራ ነው፣ እማማ።»

«ቁራስ ከማን ሰማ?»

«ከእኔ ነዋ። ትናንት የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ማን ይስማት። ግሩፑ በልብና በእሳት ምልክት ተጥለቀለቀ። አንዷ የነብርን ፎቶ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ አልብሳ ለቀቀች፤ ግልገሎቹም በስሙ ዘፈን አወጡ።

ወሬው ጫካ ደረሰ። ነብር ስለ ዝውውሩ የሰማው ገና ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ግሩፑን ተቀላቀለና በትሕትና ጻፈ፦ «ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። ልምምዱ የት ነው? ሁላችሁም ትመጣላችሁ አይደል?»

አሮጊቷ ሹልክ ብላ ከግሩፑ ወጣች። ወጠጤው ግን ከሁሉም ቀድሞ ሎኬሽን ላከለት።

እሁድ ዝንጀሮዎቹ በፎርፌ አሸነፉ።