ክዳኑ የማይነሳው ጋን

በግብፅ ምድር፣ አባይ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ግማሹ የተቀበረ ትልቅ የቀለም ጋን አለ። አዲስ ቄስ ሲሾም መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ እንዝርት ይዞ ይፈትላል። ልጆች ይስቁበታል፤ አይፈረድባቸውም፣ ጺማም ሰው ሲፈትል ማየት ያስቃል። ነገሩ የተጀመረው ግን በሳቅ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ የሮም ንጉሥ «ለጣዖት ያላጠነ ክርስቲያን ይሙት» ብሎ ባወጀበት ዘመን፣ ኮሉቶስ የሚባል ወጣት ዲያቆን ወታደር ሲያባርረው ታሚን ከምትባል ልብስ ቀለም የምትነክር ሴት ቤት ዘሎ ገባ። ታሚን ጣዖት አምላኪ ነበረች። ቢሆንም ምንም ሳትጠይቀው ወለሉ ላይ ግማሹ በተቀበረ ባዶ የቀለም ጋን ከተተችውና ክዳኑ ላይ ተቀምጣ መፍተል ያዘች። ወታደሩ «ከሥርሽ ምን አለ?» ሲላት «ቀለም ነው» አለችው፤ ኮሉቶስም ትንፋሹ እንዳያሳብቅበት አፉን በእጁ አፍኖ ከሥሯ ሰማት ይባላል።

ዘመን ተገለበጠ። ሌላ ንጉሥ ክርስቲያኖችን ነጻ አወጣ፤ ከሱ በኋላ የነገሠው ደግሞ «ጣዖት የተገኘበት ቤት ይወረስ፣ ባለቤቱም ይሙት» አለ። ኮሉቶስ ያኔ ሸብቶ የመንደሩ ቄስ ሆኗል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጣ፣ በዚያ ዘመን የተሳደዱት ክርስቲያኖች ልጆች ወታደሮችን እየመሩ ወደ ታሚን ቤት ሲወርዱ አየ። እንደ ምንም በአቋራጭ ሮጦ ቀደማቸው።

አሮጊቷ የእናቷን ትንሽ የድንጋይ አምላክ ታቅፋ ቆማለች።

«እትዬ ታሚን፣ ቶሎ አምጪው!»

«ልትሰብረው ነው አባ?»

ነጥቆ ጋኑ ውስጥ ከተተው፣ ክዳኑን ገጠመና ተቀመጠበት፤ እንዝርቷንም አነሳ። ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰበት።

ወታደሮቹ ቤቱን ገለባበጡት። በመጨረሻ አለቃቸው መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«አባታችን፣ ከሥርዎ ምን አለ?»

ኮሉቶስ ደጅ የቆሙትን ምእመናኑን አየ። የዚያን ጋን ታሪክ ከወላጆቹ ያልሰማ አንድም አልነበረም። ከነሱ አንዱ አፉን ቢከፍት ሁለቱም ማለቃቸው ነው።

«ቀለም ነው» አለ።

«ይከፈት» ያለ አልተገኘም። አለቃውም ቄስ ገፍቶ ማስነሳት ከብዶት ሄደ።

ታሚን በአምላኳ እንደጸናች አርጅታ ሞተች ይባላል፤ ጋኑንም ምእመናኑ ራሳቸው ቆፍረው አውጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አመጡት። ዛሬም አዲሱ ቄስ ሲፈትል ሕዝቡ «ከሥርዎ ምን አለ?» ይለዋል፣ እሱም «ቀለም ነው» ይላል። ጋኑ ባዶ ይሁን ወይም የታሚን አምላክ እስካሁን እዚያው ይኑር፣ የሚያውቅ የለም። ክዳኑን ያነሳ ሰው የለምና።