ወንዙን እንደ ማሳው የገባበት ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ አጸደ፤ ባልሽ ከሟች ሚስቱ የወለዳት ልጅ ቤቱን ከረገጥሽ ጀምሮ አላናግር ብላሻለች፣ «ከምን ልጀምር?» ነው ያልሽኝ። እንግዲያው ስለዚህ ሰው ስሚ።

ሰውዬው ገበሬ ነበረ። በአንድ ዓመት እህሉን በረዶ መታበትና ጎተራው ባዶ ቀረ። ክረምት ነው፣ ልጆቹ ይራባሉ። ባገሩ በክረምት ትልልቅ ዓሦች እንቁላላቸውን ሊጥሉ ከሐይቅ ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። ገበሬው ዓሣ አጥምዶ ባያውቅም ከጎረቤቱ መንጠቆና ገመድ ተዋሰ፣ ትል ቆፍሮ ወረደ።

ገበሬ ነውና ወንዙንም ያየው እንደ ማሳው ነው። ማሳ ካልገቡበት አያበላም። ስለዚህ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ወገቡ ገባና መንጠቆውን ወደ መሃል፣ ጥልቅ ወደሆነው ወረወረ። ምንም አልያዘም። በማግስቱ ይበልጥ ገባ። ማታ በጭቃ ተለውሶ ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቱ፣ «አንተ ሰው፣ ወንዙን አርሰህ ጨረስከው እንዴ?» አለችው። እሱ ግን መሳቅ አልቻለም፤ ልጆቹ እጅ እጁን ያዩ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ደግሞ ገባ። ጎርፉ እግሩን አሳተውና ይዞት ሊሄድ ሲል የሾላ ሥር ይዞ ወጣ። ዳር ላይ ተቀምጦ ልብሱን እየጨመቀ፣ «ይህን ሁሉ ውሃ ያቋረጠ ዓሣ ወዴት ገባ?» ብሎ አሰበ። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

እሱ አርፎ ሲቀመጥ ያደፈረሰው ውሃ ጠራ። ከእግሩ ሥር፣ ከድንጋዩ ጀርባ ውሃው ከሚተኛበት፣ አንድ ጥላ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብሎ አየ። ዓሣ ነው! ከሐይቅ ጀምሮ ከወራጅ ውሃ ጋር ሲታገል የመጣ ፍጥረት ደክሞት ዳር ላይ ያርፋል። ገበሬው በየጠዋቱ ወደ መሃል ሲሮጥ የሚረግጠው ይህንኑ ማረፊያ ነበር።

አሁንም ዘሎ ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ። ከዚያ ግን እግሩን መለሰ፣ ተንበረከከና ገመዱን ቀስ አድርጎ እዚያው አጠገቡ አወረደ። ዓሣው ሸሸ። ገበሬውም አልተከተለውም። ቆይቶ ዓሣው ራሱ ተመለሰ፣ ያን ቀን ማታም ልጆቹ ጠግበው አደሩ።

አንቺም እንዲሁ ነሽ፣ ልጄ። አትቆጪኝ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የሆነብሽ። በገባሽ በሳምንቱ፣ «እናትሽ ትናፍቅሻለች?» ብለሽ ጠየቅሻት። ከዚያ የሚጠልቅ መሃል የት አለ? ልጅቱ ገና ከባድ ውሃ አቋርጣ እየመጣች ነው። ራስሽ እንደነገርሽኝ፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀጉሯን ብቻዋን ልትጎነጉን ስትታገል፣ «ምን ብዬ ላናግራት ይሆን» እያልሽ ታልፊያታለሽ። ነገ አትለፊያት። ስለ እናቷም አትጠይቂያት። አጠገቧ ተቀመጪና እጅሽን ለማበጠሪያው ዘርጊ። ካልሰጠችሽ አትንጠቂያት፣ ተነሥተሽም አትሂጂ። አንድ ቀን ዝም ብላ ማበጠሪያውን ካቀበለችሽ፣ ያን ጊዜ ጀምረሻል።